ሚዛኑ ያላየው

ጥቅምት 9

ውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄ ጣልኩት። በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። በጽሑፍም ደህና ነኝ ማለት ቀላል መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው።

ለጠየቁኝ በተራ ልመልስልዎ። አዎ፣ እርግዝናዬ አራተኛ ወሩን ይዟል። አዎ፣ ሐኪሞቹ ያለፈውን ያውቃሉ፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ያንን የሚያስታውሱት እነሱ ይመስሉኛል። ስኳሩም እንዳለ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ በሽታ አረገዘች ብሎ አይለቀኝም። ኢንሱሊኔን በሰዓቱ እወጋለሁ። ሥራዬም አልተቀየረም፣ እዚያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። አለቃዬ ግን አዝናልኝ ከአንሶላ ወደ ትራስ ልብስ አዛውራኛለች። ካውያው ያው ካውያ ነው፣ እንፋሎቱም ያው።

ልጅዎ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል። በዚህ ከተማ የማይበላሽ ሊፍት የለም፤ ጠዋት የወጣ ሲመሽ ነው የሚገባው። እማማን ሰላም በይልኝ ብሏል።

አንድ አዲስ ነገር ልንገርዎ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስኳር ስላለባቸው ነፍሰ ጡሮች የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ምን ያህል ምግብ እንደሚያስፈልገን፣ ሰውነታችን ስንቱ ስብ ስንቱ ሥጋ እንደሆነ ይለካሉ። ትገቢያለሽ ወይ ሲሉኝ እሺ አልኩ። መጀመሪያ ያስገቡኝ እንደ ትልቅ እንቁላል ያለ ነጭ ማሽን ውስጥ ነው። በጠባብ ልብስና በዋና ቆብ ተቀምጬ ክዳኑን ዘጉብኝ። የምግብ ባለሙያዋ በትንሿ መስኮት እያየችኝ "ሚዛን ኪሎ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይሄኛው ኪሎው የምን እንደሆነ ይነግረናል" አለችኝ።

ለምን እሺ እንዳልኩ እንዳይጠይቁኝ ቀድሜ ልንገርዎ። በየጊዜው ቀጥረው የሚጠብቁኝ ሰዎች ስላገኘሁ ነው።

አክባሪዎ፣
ምራትዎ


ጥቅምት 27

ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ፤ ደረጃ ሲያይ ያማርራል፣ ሜዳ ላይ ግን ዝም ይላል።

እንቁላል ውስጥ አስገቡኝ ያልሽውን ሳነብ፣ ምራቴን ሊፈለፍሏት ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ከፋኝ። ሰው ለሚበላው ምግብ ማሽን ያስፈልገዋል እንዴ? እኔ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሦስት መቶ ልጅ ሳበላ የኖርኩት በዓይኔ ለክቼ ነው። የትኛው ልጅ ቤቱ ራት እንዳልበላ ሰሐኑን ሲዘረጋ አውቀዋለሁ። የእጁ አዘረጋግ ይነግረኛል። አንቺም ለሁለት ሰው ብዪ። አንዱ ማንኪያ ላንቺ፣ አንዱ ለእሱ። ስኳር አለብኝ ብለሽ ራስሽን አታስርቢ። ከማብላት ሌላ የማውቀው ስለሌለ ሌላ ምክር የለኝም።

የልጄ ሰላምታ ደርሶኛል። ስለ እሱ ብዙ እንዳትጨነቂ። ወንድ ልጅ አንዳንዴ ሥራ ይበዛበታል።

አንድ ነገር አደራ። ያንን የመጀመሪያውን ልጅ ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ላውርድና ልጠበው ብለሽ ወንበር ላይ እንዳትወጪ። ባለበት ይቆይ። ጊዜው ሲደርስ የሚያወርድ ሰው አይጠፋም።

እናትሽ


ኅዳር 14

ውድ እማማ፣

ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ብዪ ብለውኛል፤ ባለሙያዋም ምን እንደምበላ ጠይቃኛለች፤ ስለዚህ ለሁለታችሁም አንድ መልስ አለኝ። በደንብ እበላለሁ።

በዚህኛው ቀጠሮ በጀርባዬ አስተኙኝና እንደ መስታወት ጥርት ያለ ክዳን ፊቴ ላይ አደረጉልኝ። የምተነፍሰውን አየር በቱቦ ወስደው ሰውነቴ ተኝቶ ሳለ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል ያሰላሉ። መንቀሳቀስ አይቻልም፣ ማውራት አይቻልም፣ መተኛትም አይቻልም። "ዝም ብለሽ ተንፍሺ፣ ምንም አታስቢ" አለችኝ። ምንም ላለማሰብ ስታገል እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ እጄን አንስቼ እንዳልጠርገው ደግሞ ክዳኑ ፊቴ ላይ ነው። ሲያበቃ ፎጣ አቀበለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ከማን ጋር ነው የምትበዪው?" አለችኝ።

"ከባለቤቴ ጋር።"

"ማታ ማታ?"

"ማታ ማታ።"

ጻፈችው። ውሸቴ ሳይንስ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እማማ፣ ብርድ ልብሱ እዚያ መሆኑን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከሆስፒታል ባዶ እጄን የተመለስኩ ዕለት እንዳላየው ብሎ እዚያ የሰቀለው ልጅዎ ነው። የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፣ ሦስተኛ ሰው የለም።

ስለዚህ እኔም የደበቅሁዎትን ልናገር። ልጅዎ ከመስከረም ጀምሮ ቤት የለም። አንድ ማታ ማርገዜን ነገርኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የመሣሪያ ሣጥኑና ልብሱ የሉም። አለቃው ፈቃድ ወስዷል ከማለት ሌላ አያውቅም። ለእርስዎ ሰላም ብሏል እያልኩ የጻፍኩት፣ መልሱ ከመድረሱ በፊት ይመለሳል ብዬ ነው።

እርስዎ ጋ ነው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።

ምራትዎ


ኅዳር 25

ልጄ፣

አዎ። እኔ ጋ ነው።

ከዚህ በላይ ባልጽፍ በወደድኩ፤ ግን አንቺ ሌላ አልጠይቅም ብትዪም ማወቅ ይገባሻል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ፈቃድ ነኝ አለኝ። ደስ ብሎኝ አልጋ አነጠፍኩለት። ሳምንት ሲያልፍ ያንቺ ደብዳቤ መጣ፤ አረገዝኩ የምትዪው። እሱ ፊቴ ቁጭ ብሎ ነው ያነበብኩት። ቀና ብዬ ሳየው ሁሉ ነገር ገባኝ። እንዳትነግሪያት ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ልጄ ነውና። ካንቺ "ሰላም ብሏል" የሚል ሲመጣ ደግሞ፣ እሱን አጠገቤ አስቀምጬ ሰላምታውን ከሩቅ ተቀበልኩ። አንቺ በመዋሸትሽ አዘንኩ፣ እኔ ግን ካንቺ የባስኩ ነኝ።

እዚህ ምን ይሠራል ብትዪ ምንም። ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቶ ይገጥማል። የቤቴን በር ነቅሎ መልሶ ይሰቅላል። ያቀረብኩለትን ይነካካና ይተወዋል። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ "ምን ትሁን ነው የምትለው? ሚስትህን ብቻዋን ጥለህ!" አልኩት። "ያንን ትንሽ ሳጥን ዳግመኛ መሸከም አልችልም" አለኝ።

ምን ልበለው? ንገሪኝ። ያልሽውን እነግረዋለሁ።

እናትሽ


ታኅሣሥ 20

ውድ እማማ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከሆስፒታል አልጋ ነው፤ አይደንግጡ፣ ልጁ ደህና ነው። ሲራገጥ ወረቀቱ ሁሉ ይነቃነቃል።

ከሥራ ቦታ ደውለው ምን እንደነገሩዎ አላውቅም፤ አልተቃጠልኩም። የተቃጠለው የትራስ ልብስ ነው። ካውያውን እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስኳሬ ወርዶ ነበር። ስነቃ አለቃዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ አንድም ቀን ስትስቅ አይቻት የማላውቅ ሴት።

እዚህ እንደገና ለኩኝ። ባለሙያዋ አልጋዬ ድረስ መጣች።

"ኪሎሽ ጨምሯል፣ በዚያ ተታልለን ነበር" አለችኝ። "የጨመረው ልጁና ውኃው ነው። ያንቺ ጡንቻ ግን ቀንሷል። ሰውነትሽ የራሱን ሥጋ እየበላ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንድነው የምትበዪው?"

ነገርኳት። ጠዋት ቁራሽ ዳቦ። ቀን አንድ እንቁላል፣ ካስታወስኩ። ማታ ሻይ። ከዚያ ስኳሬን ስለካ ቁጥሩ ያምራል፤ በዚያ ቁጥር ተኝቼ አድራለሁ። ያኛው ልጅ በስኳሩ ብዛት ከልክ በላይ ገዝፎ ነው የሞተው ተብያለሁ። ይሄኛውን ቁጥር በማሳመር የማተርፈው መስሎኝ ነበር።

"ስኳር ከፍ ሲል አይደል ልጅ የሚገዝፈው? እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ" አልኳት።

"አዎ። እሱን ግን በመርፌና በምግብ አመዳደብ ነው የምናስተካክለው። በረሃብ አይደለም። ለሁለት ሰው ብዪ አልልሽም፤ ልጁ ገና እፍኝ የሚያክል ነው፣ የሚፈልገው ጭማሪ ትንሽ ነው። ግን ለአንድ ሰው ብዪ።"

እማማ፣ ያቃተኝ ይሄ ነው። ለአንድ ሰው ምን ይበሰላል? ድስት ጥጄ፣ ሽንኩርት ከትፌ፣ ሰሐን አቅርቤ፣ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ልቀመጥ? ቆሜ ዳቦ መግመጥ ይቀላል። ባለቤቴ የለም ብዬ ነገርኳት። አልተደነቀችም። ያኔም አውቃ ነበር መሰለኝ።

ዋርዱ ውስጥ ግን እበላለሁ። ስድስት ነን። አንዷ ሰሐኗን ስታንኳኳ ሌላዋ ትነሳለች፣ ጨው አነሰው ትላለች፣ እኔም ሳላስበው ሰሐኔ ያልቃል።

ምን ልበለው ብለውኛል። ሳጥኑን የተሸከመው እሱ ነው፣ እውነት ነው። ያን ዕለት ከመቃብር ሲመለስ ትከሻውን ይዤ አልቅሻለሁ። እኔ ግን ወተት ወርዶልኝ፣ የሚጠባ አጥቶ፣ ደረቴን በፎጣ አስሬ ነው የሰነበትኩት። እሱ እንደገና መሸከም አልችልም ሲል፣ እኔ ምን ተሸክሜ እንዳለሁ አልታየውም። ይህንን ይንገሩት። መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም።

ምራትዎ


ጥር 4

ልጄ፣

ነገርኩት። ማለቴ፣ መናገር ስላቃተኝ ደብዳቤሽን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ከዚያ ወጣና ሲመሽ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ ሆኗል። የት እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ ራት አቀረብኩለትና በላ። ሌላ የምነግርሽ ባገኝ እጽፍልሽ ነበር።

ከእንግዲህ ለሁለት ሰው ብዪ አልልሽም። አጥፍቻለሁ። የእኔ ማንኪያ የሚያውቀው የተራበ ልጅ ነው፤ ያንቺን ዓይነት ነገር አያውቅም። ባለሙያዋን ስሚያት። እኔንም ደግሞ በአንድ ነገር ስሚኝ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ለምሳ ሲደውል እኔም እቀመጣለሁ፤ የቆየ ልማድ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንቺም ከዋርዱ ስትወጪ በዚያው ሰዓት ሰሐን አቅርቢና ተቀመጪ። እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ። አብረን መብላት ነው አልልሽም፤ አይደለምም። ግን እማማ አሁን ቁጭ ብላለች ብለሽ ታውቂያለሽ። ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ፤ አንብቤ አስተያየት እሰጣለሁ፤ እሱን እንኳ አትከልክይኝ።

እናትሽ


የካቲት 8

ውድ እማማ፣

የሦስቱም ደብዳቤዎ መልስ ይኸውና። ምስሩ ላይ ቲማቲሙን ቀድሜ ጨምሬ ነበር፣ ልክ ነዎት። ሩዙን ባለሙያዋ በቡና ስኒ ለክታ ነው የፈቀደችልኝ፤ አይቆጧት። ዓሣ ገዝቼ አቃጥያለሁ። ለጎረቤት ልስጥ ብዬ ነበር፣ ግን ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም።

ሰባተኛ ወሬ ተገባዷል። አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ። ሳልሠራ ቤት መዋል እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሥራ ቦታ ቢያንስ እንፋሎቱ ያፏጫል። እዚህ ከላይ ያሉት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ቀና ብዬ አዳምጣለሁ። ቀጠሮ ያለኝ ቀን ከማለዳ ለብሼ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ከዚያ እንቁላል ስወጣ ባለሙያዋ ቁጥሩን ሁለቴ አየችውና "ጡንቻሽ ተመልሷል" አለችኝ። ልጁም ልኩን ይዟል፤ አልገዘፈም፣ አልኮሰሰም። የምነግረው ሰው ፈልጌ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት "ጡንቻዬ ተመልሷል" አልኳት። እንኳን ደስ ያለሽ አለችና ቦታ ቀየረች።

ላምጣው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አያስገድዱት። ተጎትቶ የመጣ ሰው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይታወቃል። በፈቃዱ ከመጣ ግን በሩ ያው በሩ ነው። ሐኪሞቹ ቀኑ እስኪሞላ አይጠብቁም፤ መጋቢት 20 ሊያዋልዱኝ ወስነዋል። ይህን ይንገሩትና ይተዉት።

ምራትዎ


መጋቢት 17

ልጄ፣

አጭር ነው፣ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጄ ሻንጣውን አዘጋጅቶ አገኘሁት። "ልሂድ" አለኝ። ልብሱን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ይህ ሲደርስሽ አጠገብሽ ይሆናል። ብትቆጪው አትፈሪ፣ ይገባዋል፤ ግን ሲገባ ፊቱን እዪው፣ ከስቷል።

አይዞሽ። ሁሉም ያልፋል። የምትወልጂ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

እናትሽ


መጋቢት 28

ውድ እማማ፣

ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። በኦፕራሲዮን ነው የወጣችው። እንደ ወጣች አላለቀሰችም፤ ያቺን ዝምታ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ።

ስኳሯ ወርዶ ስለነበር ማሞቂያ ክፍል አስገቧት። እኔ ቁስሌን ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፍኩ እሄድና በመስታወቱ አያታለሁ። አሁን አውጥተው ሰጥተውኛል። ስትጠባ ዓይኗን ጨፍና እጇን ትጨብጣለች። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፣ የእርስዎን ይመስላሉ።

ልጅዎ ደረሰ ወይ ብለው በስልክ ነርሷን እንደጠየቁ ነገረችኝ። አልመጣም እማማ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ነው። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ፀጉሬን አበጠርኩ። በማግስቱም አበጠርኩ፤ ነርሷ ትራስ አስተካክላልኝ "ማነው የሚመጣው?" ስትለኝ፣ "ባለቤቴ" አልኳት። የሌሎቹ ሰዎች እየገቡ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ፣ ሰዓቱ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ማበጠሪያውን ከአልጋው ስር ካለው ሻንጣዬ አላወጣሁትም።

መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ደህና መሆኑን ብቻ ያሳውቁኝ።

ባለሙያዋ መጥታ ልጅቷንም ለካቻት። ትንሽዬ የሕፃን ማሽን አላቸው። ስቧም ሥጋዋም ልክ ነው አለች። ጥናቱ ለእኔ እዚህ ላይ ያበቃል። ስትሰናበተኝ እጄን ያዘችና ቆየች። ነገ ወደ ቤት እንገባለን። ሰፈሩ ውስጥ በር የሚከፍትልኝ ሰው አለ ወይ ብለው የሆስፒታሉ ሰዎች ጠይቀውኛል፤ አለ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ምራትዎ


ሚያዝያ 6

ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ደብዳቤሽን ከፍቼ ሴት ናት የሚለው ጋ ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ጣቶቼን አየኋቸው። እውነት ረጃጅም ናቸው።

ልጄ ደህና ነው። እዚህ ነው ያለው። በሄደ በአምስተኛው ቀን ሻንጣውን እንደያዘ ተመለሰ። የወለድሽ ዕለት ሆስፒታሉ በር ድረስ ደርሷል። ዘበኛው "ማንን ልትጠይቅ ነው?" ሲለው ዞሬ ወጣሁ ይላል። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያይ ዋለ፤ የሚያለቅስ ሰው በወጣ ቁጥር የእኔም ልጅ ሞቶ ይሆናል ብሎ እየሰጋ። ሲመሽ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ይህን ሲነግረኝ ቁጣዬ ሁሉ ተንኖ ጠፋ፤ ተናድጄበት እንኳ ብሆን በተሻለኝ ነበር።

ትናንት ልብሴን ሳጣጥፍ አየኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ልጄ ጋ።"

"እኔ እዚህ አይደለሁ እንዴ?"

"ሌላኛዋ ጋ" አልኩት።

ያጣጠፍኩትን ልብስ አቀበለኝና "ስንት ቀን ትቆያለሽ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። ድስቶቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ ራሱን ማብላት አያቅተውም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። "ታለቅሳለች?"

"ማን?"

"ሕፃኗ።"

"ሄደህ ስማት" አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የላላውን እጀታውን ጠግኖታል። የእሱ ሻንጣ ግን አልጋው ስር ነው። እሱ ይመጣል ብዬ ዳግመኛ አልጽፍልሽም። እኔ ግን ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ። መናኸሪያ ድረስ እንዳትመጪ፣ ቁስልሽ አልደረቀም። አድራሻሽ ፖስታው ላይ አለ፤ ሰው እየጠየቅሁ እደርሳለሁ።

እናትሽ